የቴኒስ ቡድናችን የመጨረሻ ኤፕሪል

ሰኞ፣ ኤፕሪል 9፣ 2018። ቀን 8፡50፣ መኪና ውስጥ

ከሺፍት ወጣሁ። ፕሊማውዝ፣ የፋብሪካው ፓርኪንግ። ሞተሩ እስኪሞቅ ሁለት መስመር። ዛሬም የኮሌጁ ቴኒስ ሜዳ በረዶ ነው። ኤፕሪል ገብቶ በረዶ! ፕራክቲስ ጂም ውስጥ፣ ያውም ጥግ ላይ። ትልቁን የቤት ውስጥ ሜዳ ፉትቦል ይዞታል። ፉትቦል ስልህ፣ ደብተሬ፣ የኛን እግር ኳስ እንዳይመስልህ፤ ሄልሜት አድርገው፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡትን ነው።

ወሬ አለ። የሊጋችን ሌሎች ኮሌጆች በእኛ ተማርረዋል አሉ። ፉትቦላችን ትንንሾቹን በሚያሳፍር ውጤት እየደበደበ ይመለሳል። እኛ በየዓመቱ እንተልቃለን፣ እነሱ ባሉበት ናቸው። «ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኛ እንወጣለን» ብለዋል ተባለ። ቴኒስን ምን አገባው ብዬ አለፍኩት። በእኛ ማንም አይማረርም። ግማሹን እንሸነፋለን።

የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር፣ ማርክ፣ ለረቡዕ ቀጥሮኛል። በኢሜይል። የሴቶች ቴኒስ ኮች ሆኜ ዘጠኝ ዓመት፣ ፓርት ታይም፤ ቢሮው የገባሁት ሁለቴ ነው። ልሂድ፤ ኮሌጁ እስካለበት ሴንት ፖል መንገዱ ይዘጋጋል።

ረቡዕ፣ ኤፕ. 11። ምሽት 12፡30፣ ቤት

ማርክ በሩን ዘጋ። ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ሳያዟዙር ነገረኝ፤ ለዚህ እንኳ አከብረዋለሁ።

ከሊጉ እንወጣለን። እውነቱ ያስወጡናል ነው፤ እኛ ግን «ወጣን» እንላለን። የምንሄደው ወደ ላይኛው ዲቪዥን ነው። እዚያ ለመግባት ፉትቦሉ ሌላ ፉትቦል መሆን አለበት፤ አዲስ ስታዲየም፣ ተጨማሪ ኮቾች፣ ለተጫዋች ስኮላርሺፕ። ለጋሾች አሉ፣ ገና አልፈረሙም። ሁሉም ቡድን ግን አብሮ አይሄድም።

ቴኒስ አይሄድም። የሴቶቹም የወንዶቹም።

ማስታወቂያው ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ሜይ መጨረሻ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ የለም፤ ለልጆቹም። እጁን ዘረጋ፣ ጨበጥኩት። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር አመጣ። ለእኔ ቦታ አስቦልኛል። ፉትቦል ክፍል፣ የጉዞ ኃላፊ፤ አውቶቡሱን፣ ሆቴሉን፣ ምግቡን ማስተካከል። ፉል ታይም፣ ኢንሹራንስ ያለው። ስንት ዓመት የለመንኩትን ነገር ቡድኔን በዘጉበት ቀን ሰጡኝ።

ምን አልኩ መሰለህ? «ቴንክ ዩ» አልኩ። ሁለት ጊዜ።

አሁን ኒው ሆፕ፣ አፓርትመንቴ። የምነግረው ሰው ፍለጋ የስልኬን ስሞች ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ሰብለ ከተፋታን አራት ዓመት፤ ዳላስ ናት፤ ለልደት ብቻ ነው የምንደዋወለው። የፋብሪካ ልጆች? ቴኒስ መኖሩንም አያውቁ። አገር ቤት ያለው ወንድሜ ጋ ሌሊት ነው። ስልኩን አስቀመጥኩ። ቃል ስለሰጠሁ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ውሸት። የሚደወልለት ስለሌለ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕ. 12። ማታ 1 ሰዓት

ሊዲያ ከፕራክቲስ በኋላ ቀረች። ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ምርጧ ተጫዋቼ። እዚሁ የተወለደች። ራኬት ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ፓርክ ውስጥ። እናቷ እህት አለምነሽ የቸርቻችን ሰው ናት። ቸርች ስንገናኝ እናቷ ስለምትሰማ «ጋሼ» ትለኛለች፤ ሜዳ ላይ «ኮች»። አማርኛ ይገባታል፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው።

ዊስኮንሲን ያለ አንድ ኮሌጅ ትራንስፈር አድርጊ፣ ወደ እኛ ተዛወሪ ብሏታል። ስኮላርሺፕ አለው። መልስ እስከ ወር መጨረሻ። እምቢ ልትል ነው። ለምን አልኳት። ኮቿ እዚህ፣ እናቷ እዚህ፣ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ቡድን ይኖረናል አለች።

በሚቀጥለው ዓመት!

ኳስ እየለቀምኩ ነበር። ቀና አላልኩም። «በደንብ አስቢበት» አልኳት። ይህችን ብቻ።

አስቤያለሁ አለችና ሄደች። ቅርጫቱን ሞልቼ ሳበቃ መልሼ አፈሰስኩት። ብቻዬን ሰርቭ መታሁ፣ የጂሙ ሰው መብራት ላጠፋ ነው እስኪለኝ።

እሑድ፣ ኤፕ. 15። ከሰዓት

ብሊዛርድ፣ የበረዶ ማዕበል። ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ቸርች ተሰርዟል። ከመስኮቱ የጎረቤት መኪና አይታይም፣ ጉብታ ብቻ። ዛሬ ከአፌ ቃል አልወጣም። አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት። ጮክ ብዬ ስሜን ጠራሁ። ደረጀ። ድምፄ ሻክሯል።

ስለ ሥራው አሰብኩ። አንድ ሥራ ብቻ ቢኖረኝ። ጥርሴን ብታከም። ሐምሳ ሊሞላኝ ነው። ምን ሐጢያት አለው?

ሐጢያት የለውም። እሺ እላለሁ።

ሰኞ፣ ኤፕ. 16

መኪናዬ ኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች። ጎማው ይሽከረከራል፣ አትነቃነቅም። አራት የፉትቦል ልጆች መጡ፣ እያንዳንዳቸው በር የሚያህሉ። ሳልጠይቃቸው ገፉልኝ። በረዶው ፊታቸው ላይ ሲረጭ ይስቃሉ። አንደኛው ወደ ላይ ልንወጣ ነው ሲባል ሰምተሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ዓይኑ ያበራል። የዕድሜ ልክ ሕልሙ ነው።

ልጠላቸው ፈልጌ ነበር። የሚጠላ ሰው ቢኖር እንዴት ይቀለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕ. 22። ከቸርች መልስ

እህት አለምነሽ በር ላይ ያዘችኝ። በሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት።

«ወንድም ደረጀ፣ ጌታ ይባርክህ! ያ የዊስኮንሲኑ ነገር ልቤን ሲያርደኝ ነበር። እሷ ግን እምቢ ልላቸው ነው አለች። አንተ እዚያ ካለህልኝ እኔ ምን አስባለሁ?»

«ልጅቷ ... ለራሷ ታስብ እንጂ» አልኩ።

«አንተ አስበህላት የለ!»

ምሳ ቋጥራልኝ ነበር። ምስር፣ ጎመን፣ ገና ያልቀዘቀዘ። መኪና ውስጥ ከፈትኩት። አንድ ጉርሻ በላሁ። ክዳኑን ዘጋሁ።

አንድ ሳምንት ቀርቷታል።

ማክሰኞ፣ ኤፕ. 24። ምሽት 11 ሰዓት

ማርክ ጋ ሳልቀጠር ገባሁ። አንዲት ልጅ መልስ የምትሰጥበት ቀን እየደረሰ ነው፣ ለእሷ ብቻ ልንገራት አልኩት። አይሆንም አለ። ለአንዷ ከተነገረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካምፓሱ ሁሉ ይሰማል፤ ፊርማው ሳያልቅ ለጋሾቹ ይሸሻሉ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሰውየውም አይተኛም።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። እሱም ተማሪ ሳለ ሬስሊንግ ይታገል ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቡድኑ ተዘጋ። ይኸው አልሞትኩም አለኝ።

«ማን ነገረህ ያኔ?» አልኩት።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋዜጣ ላይ አነበብኩት» አለ።

«ኮችህስ ያውቅ ነበር?»

መስኮት መስኮቱን አየ። ያውቅ እንደነበር የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው አለ። ከዚያ የዳይሬክተር ፊቱ ተመለሰ። መልሱ ያው ነው፣ አምኜሃለሁ፣ አለኝ። በሩን ከፈተልኝ።

ዓርብ፣ ኤፕ. 27። ምሽት

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ፀሐይ! ከጂም ወጥተን የመጀመሪያው ጨዋታ። በረዶው ከሜዳው ዳር ገና አልሟሟም፣ ልጆቹ ግን በአጭር እጅጌ። ከዘጠኝ ግጥሚያ 5 ለ 4 አሸነፍን። የመጨረሻውን ሊዲያ ናት የወሰደችው። ተቃቅፈው ይጮኻሉ።

ለሊዲያ ብቻ በጆሮዋ ልነግራት ነበር ሐሳቤ። ግን ዘጠኝ ልጆች ናቸው። የአገሬን ልጅ ለይቼ፣ ሌሎቹን ጋዜጣ እንዲነግራቸው ልተው? ኬት አንደኛ ዓመት ናት፣ ከሰሜን፣ ካናዳ ጠረፍ አጠገብ፣ ለዚህ ቡድን ብላ የመጣች። እሷስ?

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። በሚቀጥለው ዓመት ቡድን የለም አልኳቸው። ከሊጉ እንወጣለን፣ ኮሌጁ ወደ ላይ ሲሄድ ገንዘቡ ለፉትቦል ነው፣ እኛ አንሄድም። መሄድ የምትፈልጉ አሁን ፈልጉ። እንዳልነግራችሁ ቃል ሰጥቼ ነበር፣ አፈረስኩት።

ኬት የማክሰኞውስ ጨዋታ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ አልኳት። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ሊዲያ አላለቀሰችም። በአማርኛ ጠየቀችኝ። ከስንት ጊዜ አንዴ!

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን።»

«በዊስኮንሲኑ ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቦርሳዋን አነሳች። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ቤቷ የማደርሳት። በእግሯ ወደ ባቡሩ ሄደች። ከመኪናዬ፣ በመስታወቱ እያየኋት ቀረሁ፤ ዞር አላለችም።

ቅዳሜ፣ ኤፕ. 28። ጠዋት

ከሌላ ሰው ሳይሰማ ብዬ ማርክ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት ሁሉንም። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ሰኞ ቁልፉን አስረክብ፣ ከዚህ በኋላ ቡድኑን አትመራም፣ ግቢው ውስጥም አልይህ አለ። ስለ ሥራው ምንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ የኔ ኮች ይህን አላደረገም። ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅኩም። ዘጋው።

ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

እሑድ፣ ኤፕ. 29

ቸርች። እህት አለምነሽ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀመጠች። መዝሙሩ አለቀ፣ ጸሎቱ አለቀ፣ ዞር አላለችም። ፓርኪንግ ላይ ግን ራሷ መጣች።

«ፊቴ ቆመህ» አለች፣ «ምግብ ስሰጥህ፣ ስመርቅህ፣ ሆድህ ውስጥ ይህ ነበር?»

«ነበር።»

«ለምን?»

ሥራ ሊሰጡኝ ነበር፣ ፈራሁ አልኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«ሥራውስ?» አለች።

«ቀረ።»

ራሷን ነቀነቀች። ይቅር አላለችኝም። «በል ደህና ዋል» ብላ ሄደች። ሰዎች ምሳ ለመብላት ተጠራርተው ወጡ፣ አምስት ስድስት መኪና ተከታትሎ። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኤፕ. 30። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ብሬክ ላይ

ሊዲያ ቴክስት አደረገች። ሰላምታ የለውም። ዊስኮንሲን እሺ ልትል ነው፤ የኮች ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ እስከ ማታ። ትጽፍልኛለህ?

ብሬኬ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በስልኬ ጻፍኩት፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቆሜ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገና ሲነጋ ቀድማኝ ፓርክ ትደርስ እንደነበር። ሲደክማት ይበልጥ ቀጥ ብላ እንደምትመታ። ከእኔ በላይ እውነት እንደምትወድ። አሁንም የሷ ኮች እንደሆንኩ አድርጌ ፈረምኩ። ላክሁት። አንድ ቃል መለሰች፦ «አመሰግናለሁ»። በአማርኛ ፊደል። ማን አስተማራት?

ከሰዓት 10፡40፣ መኪና ውስጥ

ቁልፉን ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። ማርክ በሩ ዝግ ነበር።

ኬት ደወለች። ነገ የሚመራን ከወንዶቹ ቡድን ረዳቱ ነው፣ አሰላለፉን እንኳ አያውቅም አለች። ትመጣለህ ወይ? አልችልም አልኳት። እሺ አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ተሰነባበትን።

ከዚያ እዚሁ ተቀምጬ ሜዳውን አየሁት። መረቡ ተወጥሯል። በአንድ በኩል አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ የእግረኛ መንገድ። የእግረኛው መንገድ የኮሌጁ አይደለም፣ የከተማው ነው። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ይቆሙበታል። ማንም ይቆምበታል።

ለፋብሪካው ሱፐርቫይዘሬ ደወልኩ። ነገ በግማሽ ቀን እወጣለሁ አልኩት።

አመመህ እንዴ አለኝ።

አይ፣ አልኩት፤ ጨዋታ አለኝ።