ከንቢት መኪና የተነቀለው መቆጣጠሪያ

«ጋሼ፣ ልጄን አደራ ያልኩህ እንድትጠብቅልኝ እንጂ እንድትሰልላት አይደለም። ያንን ዕቃ ከመኪናው ንቀይው ብያታለሁ። እኔ ስነዳ ማን ጠበቀኝ?»

ወንድሜ፣ ከሰላምታዬ በፊት የራስህን ቃል ያስቀደምኩት መልእክትህን አንዲት ፊደል ሳልዘል ማንበቤን እንድታውቅ ነው። አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ከዚያ ከሰው አገር ከባድ መኪና ወንበር ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? ባለቤትህን ሳሉ ለቀቃት? መንትዮቹስ ጥርስ ነቅለው ጨረሱ? እኛ ደህና ነን። የደም ግፊቴም መልእክትህ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበር።

ንቢትም ደህና ናት። ትምህርቷን በርትታለች፤ ምላሷም እንዳወጣህላት ስም መናደፉን አልተወም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ባንዴ ማለፏን ራሷ ነግራሃለች። ፈተና ማለፍና መንዳት ግን ለየቅል ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ በዝናብ፣ በገበያው ግርግር፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እየያዘች እንድትለማመድ አደረግኩ። የሌለ ፍሬን በእግሬ ስረግጥ የወለሉን ምንጣፍ ጨረስኩት። እሷም «አጎቴ፣ ያንተ ፍሬን ከኔው ይሻላል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ቁልፉን ስሰጣት ተነጋገርን። ጓደኞቿን እንደ ታክሲ እንዳትጭን፣ ሳይመሽ እንድትገባ፣ ስልኳም ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ከኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተስማማን። ከዚያ ያንን አንተ የጠላኸውን ዕቃ ከመሪው ሥር ገጠምኩት። ፍጥነቷንና በድንገት ፍሬን መያዟን ከነቦታው ወደ ስልኬ ይልካል። ተደብቄ አልገጠምኩትም፤ ባትሪ ያበራችልኝ እሷው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን መጀመሪያ የሳምንቱን አነዳዷን ራሷ ትነግረኛለች፤ ቀጥሎ ስልኩን ከፍተን አብረን እናያለን። ስለላ የሚባለው ሰውየው ሳያውቅ ሲሆን ነው።

ማን ጠበቀኝ ላልከው፣ አሠሪህ ይጠብቅሃል። ፍሬን በኃይል በረገጥክ ቁጥር ቢሮ ያለው ሰው እንደሚያውቅብህ አማርረህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም? ዞር ብለህ ደግሞ፣ ይህ ከመጣ ወዲህ መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ባልደረባ እንደሌለህ ነገርከኝ። ለምትጭነው ሲሚንቶ የተገባው ጥንቃቄ ለልጅህ ሲሆን ስለላ ተባለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መልእክትህ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲጢጥ አድርጋ መቆሟን ስልኬ ላይ አየን። እሷ ቀድማ አልነገረችኝም ነበር። አልጮህኩባትም፤ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። «አባዬ ደውሎ ነው» አለችኝ።

ላንተ ብቻ የለየችው የጥሪ ድምፅ አላት። እሱን ስትሰማ አንድ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ቦርሳውን ስትጎትት፣ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ትሻገራለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የንቢት ልብ ቦርሳው ውስጥ ነበር። መኪናው የቆመው ሴትየዋ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት ላይ ነው። ለምን አነሳሽው ብላት፣ የአባት ስልክ እንደማይታለፍ፣ ካላነሳች ደግሞ ምን ሆነች እያልክ እንደምትጨነቅ ነገረችኝ። አንተም «ለሰው ሁሉ ዝጊ፤ ለእኔ ግን አንሺ» ብለሃታል። እዚያ ያንተ የምሳ ሰዓት እዚህ የትምህርት ቤት መውጫ መሆኑን አላሰብክም። ያን ቀን የጠየቅካት ምሳ በልታ እንደሆነ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለዚህ እኔው ልንገርህ። ልጅህን አደጋ አፋፍ ያደረሳት ፍጥነት አይደለም፣ ጓደኛም አይደለም፤ ያንተ ናፍቆት ነው። ናፍቆትህን አልነቅፍም፤ ሰዓቱን ነው የምነቅፈው። እሷ ይህን እንድነግርህ አልፈለገችም፣ እንዳትቆጣት። ትእዛዝህን አክብራ ዕቃውን ነቅላ በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አብራ ቁልፉንም ሰጠችኝ። «ሁለታችሁ ስትስማሙ ትሰጡኛላችሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ ነው የምትመላለሰው፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሷል።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ለሳሉ በትኩስ ነገር ትበርታ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን በየተራ፣ አንዱ እንዳይቀየም። አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ «ኧረ በደህና ቃል ጻፍለት» እያለች ከጎኔ ቆማለች፤ ይህም በእሷ ምክር የለዘበው ነው።

ካንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ዕቃው እንዲመለስ ለንቢት በራስህ ቃል ጻፍላት፤ ቤት ገብታ እሷ እስክትደውልልህ ድረስም እንደማትደውል ጻፍልኝ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም። እስከ የካቲት 10 ድረስ በእጅህ የተጻፈ መልስ ይድረሰኝ፤ ካልደረሰኝ ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።

ታላቅ ወንድምህ
ከቤት፣ ጥር 8