እንገሯ ያልተደፋባት ልጅ

ይድረስ አውስትራሊያ ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለየሺወርቅ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? አለምነህና ልጃችሁ ቃለ አብስ እንዴት ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን፣ እንኳን ሰዉ ከብቱም ደህና ነው። በስልክ ልነግርሽ ስል እንባ እየቀደመኝ ስለተቸገርሁ፣ ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

ምጥ የያዘኝ በሰባት ወሬ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ነበር። ባለቤቴ ገዱ መኪና ለምኖ ደባርቅ ሆስፒታል አደረሰኝ። ልጅቱ እፍኝ አትሞላም ነበር። ነርሷ ከራቁት ደረቴ ላይ ለጥፋ አሰረችልኝና፣ «ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል» አለችኝ። እናት የሞተችባቸውን የካንጋሮ ግልገሎች የምታሳድጊ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አማቴ እማማ ዓለምብርሃን ግን ቅቤ ይዘው መጡ። «ይህ ቢጫው የጡትሽ እንገር ቆሻሻ ነው፣ ታልቦ ይደፋ፤ ልጅቱ ቅቤ ትዋጥ» አሉ። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበላቸው? በዚህ መሃል ደወልሽ፤ ነገሩን ነግሬሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው።

የካንጋሮ ግልገል ስትወለድ ባቄላ እንደምታክል፣ በሽታ የምትመክትበት ኃይል ገና እንዳልተሠራላት፣ እስክትጠና የእናቷ ወተት እንደሚዋጋላት፣ የምታድግበት የእናቷ የሆድ ኪስ ቆዳ እንኳ ጀርም የሚገድል ወዝ እንደሚያወጣ ነገርሽን። እንቁላል ጥላ የምታጠባ እንስሳም አለች አልሽ። ጡቷ ጫፍ የለውም፤ ወተቷ ከሆዷ ቆዳ ላይ እንደ ላብ ይወጣል፤ ቆሻሻ እንዳይበክለው ጀርም ገዳዩ እዚያው ወተቱ ውስጥ አለ።

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ «እንቁላል ጥላ ታጠባለች? ጌታዬ፣ ሥራህ ግሩም ነው!» አሉ። ቅቤውንም ወደ ዘንቢላቸው መለሱት። «ለዚያች አውሬ ያሰበ ለዚችም አስቧል። አጥቢያት» አሉኝ።

መጥባት ስላልቻለች እንገሩን ጠብ እያደረግሁ ከአፏ አገባሁላት። ስደክም እማማ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ፈታ አድርገው ከደረታቸው አሰሯት። እታለም፣ ያ ቢጫ ጠብታ ውስጧ ገብቶ የሚሠራውን አላየሁም። ትኩሳት ሳይነካት ፊቷ ወዝ ሲያወጣ ግን አየሁ። እኔ ጡት ብቻ ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መድኃኒትም ይዣለሁ።

ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ተነሣች። አሁን ጭኗ ቆንጠጥ ይደረጋል።

ገዱ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል። አባታችን ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ ብለዋል። እማማም አለምነህንና ቃለ አብን ሳሚልኝ ካሉ በኋላ፣ «እናት ለሌላቸው ለእነዚያ ግልገሎች የእናታቸውን ወተት ማን ይተካላቸዋል? ጠይቂልኝ» ብለዋል።

እህትሽ ዘቢደር
ዳባት፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.