በእንግሊዝ ገጠር በየምግብ ቤቱ ያየሁት አበሳ

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለወንድሜ ለጋሼ ዓብዩ፣

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎን ክረምቱ ሲገባ ባሰብዎት ወይስ ተሻለዎት? እትዬ አልጣሽስ ዓይናቸው ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጠራላቸው? ገላውና ሩሃማ ደህና ናቸው? ደብረ ብርሃን ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ እናንተን ነው ያሰብኩት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና በኩል ደህና ነን። እኔ ግን አንጀቴ አርሯል። በስልክ እንዳላጫውትዎ ባለቤቴ ይድነቃቸው ከአጠገቤ አይጠፋም፤ የሥራ ባልደረባዬ ሀጀራ ወደ አገር ቤት ስለምትሄድ ጽፌ በእሷ እጅ ላኩልዎ።

ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ ልዑልሰገድ እንደተኳረፉ ያውቃሉ። እናታቸው እማማ ደብሪቱ ሲያርፉ ይድነቃቸው እዚህ አሜሪካ ልቡን ኦፕሬሽን ተደርጎ ተኝቶ ነበር። መርዶው የተነገረው ከወራት በኋላ ነው። ያዘገየው እንግሊዝ አገር ያለው ልዑልሰገድ መሆኑን ሲሰማ ቂም ያዘ፤ ስልኩን እንኳ አያነሳለትም ነበር። ዘንድሮ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ተነሣሁ። አንድ ማዕድ ከቀረቡ ይታረቃሉ ብዬ ከአሌክሳንድሪያ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ልዑልሰገድም ደስ ብሎት፣ ገጠሩን በመኪና ላዙራችሁ አለን።

አገሩስ ያምራል። ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ነው፤ ሜዳው ለምለም፣ በጉ የደለበ። የሚበላው ግን ፐብ በሚሉት፣ መጠጥ ቤትም ምግብ ቤትም በሆነ ቤት ነው። በመጀመሪያው ፐብ ገብተን ተቀመጥን፤ የሚታዘዘን ጠፋ። ልዑልሰገድ፣ እዚህ አገር ራስህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ነው የምታዘው አለው። ይድነቃቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? “እኔ እንግዳ ነኝ። ቆሜ ምግብ አልለምንም!” ታናሽየውም፣ እንግዲያው እኔም የማንም ተላላኪ አይደለሁም ብሎ እጁን አጣጠፈ። ሁለቱ ጎረምሶች ፊታቸውን አዙረው ሲኮራረፉ እኔ ተነሥቼ ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ በትሕትና፣ የምሳ ሰዓት ስላለፈ ኩሽናው ተዘግቷል፣ ለእራት ተመለሱ አለችኝ። ጋሼ ዓብዩ፣ በጠራራ ፀሐይ ምግብ የለንም የሚል ምግብ ቤት አይተው ያውቃሉ? ቀጥሎ ባለው መንደርም እንደዚያው፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንደዚያው። የዋልነው መኪና ውስጥ የተረፈ ኦቾሎኒ በልተን ነው።

ደግሞ ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ልዑልሰገድ በጾም ዓሣ ይበላል፤ ይድነቃቸው ይህን ሲያይ አበደ። ዓሣ ሥጋ አይደለም ያለህ የትኛው ቄስ ነው ይለዋል፤ እሱም፣ አንተ ዶሮ ቀርቦልህ አልበላም ያልክበትን ቀን አላስታውስም ይለዋል። እኔ የታዘዘልኝ አተር ቀረበልኝ። ቅቤ አለበት ወይ ብዬ አስተናጋጇን ብጠይቃት፣ በኩራት ብዙ አለበት አለችኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጠረጴዛችን ሥር የሰው ውሻ ተጋድሞ ያንኮራፋል። እህል ከሚበላበት ቤት ውስጥ!

የመጨረሻው ቀን ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ርቦን ከአንድ ፐብ ገባን። አንዱ መስኮት ዳር ካልሆነ፣ ሌላው እሳቱ ጋ ካልሆነ አልቀመጥም ብለው መሀል ወለሉ ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰው ሞልቷል፣ ፈረንጁ ያየኛል አላልኩም፤ “ጠባችሁ የዓሣና የወንበር አይደለም! ወይ የእናታችሁን ነገር ተነጋገሩ፣ ወይ እኔን ወደ ልጆቼ መልሱኝ!” ብዬ ጮኽኩ። 

ይድነቃቸው ካገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለና፣ “ለምን ደበቅከኝ?” አለው። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ልዑልሰገድ፣ “ሐኪምህ ልቡ አይችልም አለን። እኔም የሰማሁት እማዬ ከተቀበረች በኋላ ነው። በየሳምንቱ ትደውልልኝና እማዬ እንዴት ናት ትለኛለህ። ደህና ናት እልሃለሁ፣ አስቅሃለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። አንተን ሁሉም ሰው ለቅሶ ደርሶሃል። እኔን ማን ደረሰኝ?” አለው።

ይድነቃቸው ይህን አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። “ብቻህን ነው ያለቀስከው?” አለው። ልዑልሰገድ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ባለቤቴ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ሁለት ሽበታም ወንዶች “እማዬ፣ እማዬ” እያሉ ተንሰቀሰቁ። የፐቡ ባለቤት ሴትዮ መጥታ ምን ሆነው ነው አለችኝ። እናታቸው ሞታ ነው አልኳት። ደንግጣ፣ “መቼ?” ስትለኝ ምን ልበላት? ዓመታት አለፉ ብላት ሦስታችንንም ያበድን አድርጋ ታየን ነበር። “ዛሬ” አልኳት። እሳቱ ዳር ቦታ አስለቀቀችልን፤ ያለ ቅቤ የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ሳንጠይቃት አመጣችልን።

ይኸው ታረቁ፣ እኔ ግን አላረፍኩም። በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ ሲደዋወሉ የሚጨቃጨቁት አሁንም በዚያው በዓሣ ነው። ጭንቅላቴን አዞሩት። ለጥር ግን ለእማማ ደብሪቱ ሙት ዓመት ሁለቱም አብረው ሊመጡ ተስማምተዋል። እርስዎ ለካህናቱና ለዘመዱ ከአሁኑ ይንገሩልን። በዕለቱ ያላለቀሱላቸውን እናታቸውን መቃብራቸው ላይ አብረው ያልቅሱላቸው።

እትዬ አልጣሽን ዓይናቸውን ይሳሙልኝ። ገላው ጋቢውን ለብሶ ይውጣ፣ ብርድ አይምታው። ሩሃማ ትምህርቷን በርትታ ትማር፤ የጠየቀችኝን ጫማ ሀጀራ ይዛለች። ለጎረቤታችሁ ለአቶ ዋቅጅራ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ወንድማማቾቹ ሲመጡ ምን ትበላላችሁ ብላችሁ አደራ እንዳትጠይቋቸው፤ በአንድ ትሪ አቅርቡላቸው።

እህትዎ ይርጋለም
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ነሐሴ 25 ቀን 2005 ዓ.ም.