ካፒቴኑ መሪውን ያዞሩበት ምክንያት

ለተከበሩ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ትንሽ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። ልጅዎ ቴስ እንቅልፍ የላትም እንጂ እህል መቅመስ ጀምራለች። ኦሊቭ ግን ጉንጯ ተነፋፍቶ ጡት አልጠግብ ብላለች፤ ቁርጥ አያቷን ናት።

የኒውካስል ሰው ስለ ሟቹ ባለቤትዎ «ካፒቴኑ ጠጥቶ ነው መርከቧን ያሰመጣት» እያለ ደጅዎ ላይ እንደሚያሽሟጥጥ ሰማሁ። ሻይ ሲጠቁር እንኳ «ውሃ ጨምሩበት» የሚሉትን ሰው! አንጀቴ አረረ። ወሬውን የወለደው ደግሞ የእኔ ዝምታ ነው።

መርማሪዎቹ «የሌዲ ሃርኔት መርከብ ካፒቴን በጠራራ ፀሐይ መሪውን ወደ ጃሩንዳ መርከብ ያዞረው ለምንድነው?» ሲሉኝ «እኔ እንጃ» አልኩ። የጃሩንዳ ሁለተኛ መኮንን ሆኜ፣ የገዛ አማቻቸው ሆኜ፣ እኔ እንጃ! እነሱም የሃያ ሦስት ሰው ሞት በሟቹ ላይ ደፈደፉት።

ልማዳችንን እርስዎ ያውቁታል። በዚህ ጠረፍ የምንሠራ ሁሉ፣ ቤተሰባችን የተሳፈረበት መርከብ ካገኘን ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ነፍተን፣ ተጠግተን፣ ሰላም ተባብለን ነው የምናልፈው። ክልክል ነውና ለፍርድ ቤት ግን ማናችንም አንናገረውም። ቴስ ልትወልድ ብሪዝቤን ስትሄድ አባቷ «ስትመለሺ ባሕር ላይ እንገናኛለን። ወንድ ከሆነ ቀይ፣ ሴት ከሆነች ነጭ ጨርቅ አውለብልቡልኝ፤ መንታ ከሆኑ ደግሞ መርከቤን ይዤ እሸሻለሁ!» ብለው አሳቋት።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ አራሷን በጃሩንዳ ይዤ ስመለስ ሌዲ ሃርኔት ከፊታችን ብቅ አለች። ጡሩምባውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ኦሊቭን በሁለት እጄ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኳት። አጠገቤ ነጩ ጨርቅ ተውለበለበ። ፀሐይዋ ካፒቴኑ ዓይን ላይ ነበረችና ቀለሙን አልለዩትም፤ ግንባራቸውን በእጃቸው ጋርደው «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ጮሁ። ጨርቁ ወደዚህ፣ ወደዚህ እያለ ጠራቸው። ቀረቡ። የባሕሩ ጅረት ገፋቸውና የመርከባችን አፍንጫ ጎናቸውን ቀደደው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መርከባቸው ሰጠመች። እሳቸውን መጨረሻ ያየኋቸው ሴቶቹን ወደ ጀልባ ሲያሻግሩ ነው።

«ተይ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እስቅ ነበር። ወይኔ!

ነገ መርማሪዎቹ ዘንድ እመለሳለሁ። የመኮንንነት ፈቃዴን ይንጠቁኝ፣ ይክሰሱኝም፤ ብቻ የእሳቸው ስም ይጥራ። «ጨርቁን ያውለበለበው ማነው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ» እላለሁ። እርስዎም እንደዚያው ነው ብለው ይመኑልኝ። ቴስን ግን አደራዎን፣ አንዳችም ነገር አይጠይቋት።

እግዚአብሔር እንባዎን ያብስልዎ፤ የልጅ ልጅዎን ሠርግ አይተው ይደሰቱባት።

ጥፋተኛው አማችዎ