የኮርኒሱ እንግዶች

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ላይ እያቃሰትሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። አራሷ በርትታለች፤ የሕፃኗም ጉንጭ ሞልቷል።

ባለፈው በስልክ «ጣሪያችሁ ላይ የሚንኮሻኮሸው ነገር ምን ሆነ?» ብለሽ ነበርና ልንገርሽ። አይጥ የመሰለን ሽለምጥማጥ ሆኖ ተገኘ። ያውም ከሕፃኗ አልጋ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ። ሽንቱ ሰርጎ ነጩን ቀለም ቢጫ አድርጎታል።

እኔ እንደምታውቂኝ ችኩል ነኝ፤ እንስሳ እናስወጣለን ከሚሉት ድርጅቶች መጀመሪያ ያገኘሁትን ጠራሁ። ሰውየው በሩ ላይ እንደቆመ ቀና ብሎ አየና «መርዝ እናደርጋለን፣ ነገ ጸጥ ይላል» አለ። ባለቤቴ ልጇን ታቅፋ ወጣችና «ከሞተስ በኋላ ማን ያወጣዋል? በየት በኩል እንደሚገባስ አይተሃል?» ስትለው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ከዚህ በፊት የሠራላቸውን ሰዎች ስልክ ስትጠይቀው ጭራሽ አኮረፈ። እንደሄደ «በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ሁለተኛዋን ባለሙያ የጠቆሙን ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። ከቤታቸው የሌሊት ወፍ አስወጥታላቸው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሳትጠራ ተመልሳ ጣሪያውን አይታላቸዋለች። እኛም ዘንድ ስትመጣ ገና ሳንጠይቃት የሥራ ፈቃዷን አሳየችን፤ ከዚያ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በመሰላል ወጣች። ስትወርድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናት ናት፤ ልጆቿ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም» አለች። እናትየውን ብንገድላት ልጆቹ በረሃብ አልቀው እዚያው ሊሸቱ ነው። ሴትዮዋ መብራትና ሬዲዮ ኮርኒሱ ውስጥ አስገባችና «ጫጫታ ካልተመቻት ራሷ ታወጣቸዋለች» ብላን ሄደች። እታለም፣ ቀኑን ሙሉ ዜናና የእግር ኳስ ጨዋታ ከጣሪያ ሲወርድብን ዋለ። የእኛዋ ሕፃን ግን ለጥ ብላ ተኛች።

በነጋታው ወደ ማምሻው ሴትዮዋ ባለችበት እናትየው ብቅ አለች። አንዱን ልጇን ማጅራቱን ነክሳ በአጥሩ አናት ሄደች፤ ተመልሳ ሌላውን ወሰደች። ከዚያ ጠፋች። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና «ዝናቡ ሳይመጣ ቀዳዳውን ድፈኚው» አልኳት። «መጀመሪያ ልይ» ብላ ወጣች። ለካ አንዲት ትንሽ ቀርታ ኖሯል። መሰላሉን አንስታ ሁላችንንም ወደ ውስጥ አስገባችን። ዝናቡ ወረደ። ባለቤቴ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አለች። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን መጣች፤ ጠጉሯ በዝናብ ተለጥፎ ኮስምና መጣችና ልጇን ይዛ ወጣች። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም ጉድፍ ገብቶብኝ ነው አልኩ፤ ማንም አላመነኝም።

በማግስቱ ቀዳዳው በሽቦና በቆርቆሮ ተደፈነ፤ የቆሸሸውም በመድኃኒት ታጠበ።

እታለም፣ እናታችን የሞተች ጊዜ እኔን አዝለሽ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስትዞሪ ዕድሜሽ ስንት ነበር? ጠይቄሽ አላውቅም። ያን ማታ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ልጠይቅሽ አማረኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ያን ሞገደኛ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። የአክስታችንንም ጉልበት ሳሚልኝ። አራሷ እጅ ትነሳለች፤ ሕፃኗም አክስቷን ትጠብቃለች።

አንቺ ያሳደግሽው ወንድምሽ

ከአዲሱ ቤታችን፣ እሁድ ረፋድ፣ ግንቦት ፲፯ ቀን