የአጎቴ ሙሕሲን ኢሕራም

ረጀብ 11፣ ረቡዕ

ያው የተለመደው። ከመካ ሆቴሎች የተሰበሰበውን ኢሕራም፣ ተጓዦች የሚለብሱትን ነጭ ጨርቅ፣ በመኪና አመጣሁ። መንሱር ሰፈር ያለችው መጋዘናችን ሞልታለች፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ቤታችን ጣሪያ ላይ ከመርኩት። እማዬ አጉረመረመች። "እንግዳ ባለበት ቤት ቆሻሻ ትከምራለህ?" እንግዳው አጎቴ ሙሕሲን ናቸው፣ ታላቅ ወንድሟ። ከአገር ቤት፣ ከሐይቅ ከተማ ለዑምራ መጥተው፣ ዑምራቸውን ጨርሰው እኛ ዘንድ አርፈዋል።

ቆሻሻ አይደለም አልኳት። ለአጎቴም ከሥር ጀምሬ አስረዳኋቸው። ጥጥ ስንት ውኃ ጠጥቶ እንደሚበቅል፣ ተፈትሎ ተሸምኖ ባሕር አቋርጦ እዚህ እንደሚደርስ፣ ሰውዬው ጥቂት ቀን ለብሶት ሆቴል ጥሎት እንደሚሄድ። ድሮ መጨረሻው መቀበር ወይ መቃጠል ነበር። እኛ ግን ጅዳ ወስደን በማሽን እንዘለዝለውና ወደ ጥጥነቱ ይመለሳል፤ የፍራሽ ሙሌት ይሆናል። "ሞተ የተባለውን ጨርቅ ነው የምናስነሳው" አልኳቸው። ሳቁ። "አላህ ያግዝህ ልጄ።" ትንሽ ሳልጎርር አልቀረሁም... ይሁና፣ በሥራዬ ነው።

ረጀብ 12

ጧት ክምሩን ጭኜ ጅዳ። ማሽኑን የሚያሠራው ኡሳማ ከጅዳው ሰፈር ከኑዝላ እየደወለ አጣደፈኝ። "ያላ ያላ! ማሽኑ ባዶውን ቆሟል።" የመጨረሻውን ማዳበሪያ ሳነሳ ጣሪያው በር ጥግ ላይ አንድ ፌስታል አየሁ። ከክምሩ የወደቀ ነው። ፈታሁት። ሽርጡም ላይኛውም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሥርዓት ታጥፏል። በጣቴ አሸት አደረግሁት፤ ንጹህ ጥጥ፣ ፖሊስተር የሚባል የለበትም። ሰው ሁሉ እንዲህ አጥቦ ቢጥል ምን ነበረበት! ከሌላው ጋር ደባለቅሁት።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ የለየሁትን አይቶ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ረጀብ 13

ምነው እጄን በቆረጠው።

ከጁምዓ መልስ አጎቴ ከጣሪያው ወረዱ። "ዘይቱ፣ ኢሕራሜን አንስተሽልኛል?"
"ኧረ አላነሳሁም ወንድምዓለም። የት አስቀምጠውት ነበር?"
"በሩ ጥግ። በፌስታል። በዘምዘም ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ... አቧራ እንዳይነካው ብዬ።"

እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

ለከፈን፣ ለመቀበሪያ ልብስ ነው። ካዕባን የዞሩበትን ኢሕራም በዘምዘም ነክረው አገራቸው ይወስዱታል፤ ቀናቸው ሲደርስ በእሱ ይከፈናሉ። ይሄ ጠፍቶኝ ነው? አባቴ የተከፈነው በራሱ ኢሕራም አይደለም እንዴ? እዚሁ ቤት፣ እኔው ፊት! ፌስታሉን ስፈታ ግን ሰው አልታየኝም። ጥጥ ብቻ ነው የታየኝ።

ሁለቱም አዩኝ። "ከምሰበስበው ጨርቅ ጋር ተደባልቆ መሄዱ ነው" አልኩ። "መጋዘን ይኖራል፣ አመጣዋለሁ።" ምላሴ ከየት አመጣው? አጎቴ ፊታቸው ፈካ። "በል እንግዲያ፣ አንተ ካለህ ምን ቸገረኝ" አሉኝ።

ረጀብ 14

ኑዝላ። ኡሳማ ሳቀብኝ።
"የሐሙሱ? ኸላስ፣ ያኔውኑ አለቀ።"
"ሁሉም?"
"ሁሉም። ምን ጠፍቶብህ ነው?"
"ምንም።"

የታሰረውን ጥጥ አሳየኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። የቱ ነው የሳቸው? የቱ ነው የቱርኩ፣ የቱ ነው የናይጄሪያዊው? ሁሉም አንድ ላይ ተበጥሶ፣ ለስልሶ... ይሄን ልስላሴ ነው እኮ ለእንግዳ ሁሉ ዳስሱት እያልኩ የማሳየው።

ከዚያ ያደረግሁትን ለመጻፍም ያሳፍራል። ገና ካልተዘለዘለው ክምር አንድ መረጥኩ። ያው ዓይነት ጥጥ፣ ያው ስፋት። ኡሳማ ቤት አጠብኩት፤ ከጀሪካኑ ዘምዘም ለምኜ አለቀለቅሁት። ፀሐይ ላይ ወዲያው ደረቀ። አጠፍኩት። ፌስታል ውስጥ አስገባሁት።

በእኛ ሥራ አንዱ ዕቃ የሌላውን ሥራ ከሠራ ምትክ ነው፤ ልዩነት የለውም። እስከ መካ ድረስ ይሄን ለራሴ ስደጋግም መጣሁ። አልረዳኝም።

ረጀብ 15

ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሳሙት። ዓይናቸው ላይ አደረጉት። "ይሄን ይዤ ከገባሁ ሞት አያስፈራኝም" አሉ። ከዚያ መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት፣ በእኔና በሚወለዱልኝ ልጆች ላይ። እማዬ አሚን አለች።

እኔም አሚን አልኩ! እንዴት ያለሁ ባለጌ ነኝ?

ረጀብ 16

ምሳ አልበላሁም። እራትም። እማዬ ሙቀት አለህ ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ። እጇን ሸሸሁት።

ረጀብ 18

ነገርኳቸው።

እማዬ ጉልበቷ ስለማይችል ደጅ ላይ ተሰናብታቸው ቀረች። ወደ አየር ማረፊያ የወሰድኳቸው እኔ ብቻ። ፌስታሉን ሻንጣ ውስጥ አልጨመሩትም፤ እቅፋቸው ውስጥ ነበር። የጅዳ መንገድ ላይ ዓይኔን ከፊቴ ሳላነሳ ተናገርኩ። ሁሉንም... ጣሪያውን፣ ማሽኑን፣ የኡሳማን ዘምዘም።

ፌስታሉን ከእቅፋቸው አንስተው አዩት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

"ታዲያ ይሄ የማን ነው?"
"አላውቅም አጎቴ። ሆቴል የተጣለ ነው።"
"መጣሉን በምን አወቅህ?"
"ጽዳቶቹ ከየክፍሉ ሰብስበው ይሰጡኛል..."
"እኔስ ጥዬው ነበር?"

እውነትም ጠይቄ አላውቅም። በረንዳ ላይ የተሰጣ ይሁን፣ ወንበር ላይ የታጠፈ ይሁን፣ ማን አየ? ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ ለእኔ የተጣለ ነው። የስንቱን ሰው ከፈን ነው ፍራሽ ያደረግሁት?

ስንደርስ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አኖሩት። "የሰው ሐቅ ለብሼ አልቀበርም። ባለቤቱን ፈልግ።"
"አላገኘውም እኮ።"
"አውቃለሁ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። "እስቲ አገሬ ገብቼ ላስብበት" አሉኝ። "ለእናትህ እኔ አልነግርም። አንተ ንገራት።" ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። ዞር ብለው አላዩኝም።

ሻዕባን 4

ሆቴሎቹን ዞርኩ። ከእንግዲህ ከክፍል የተነሳ አልቀበልም አልኳቸው። ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልጣለበት አልወስድም። ጽዳቶቹ አበድክ እንዴ አሉኝ። የሚሰበሰበው በጣም ቀነሰ። አለቃዬም ጠራኝ፤ "ምን ነካህ? ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይዋል?" ምክንያቱን አልነገርኩትም። በሰው ፊት ያመሰገነኝ በዚያው ጥጥ ነው...

ለእማዬም አልነገርኩም። በየቀኑ ዛሬ እላለሁ።

ረመዷን 9

አጎቴ ደወሉ። እኔ ሳፋ ሰፈር ለሥራ ሄጄ ነበር። ድምፃቸው ደከም ብሏል አለችኝ እማዬ። "ለሱፍያን ሰላም በይልኝ" ብለዋል። ሌላ ምንም? ሌላ ምንም።

ሸዋል 6

አጎቴ ሞቱ። ትናንት ተቀብረዋል።

ልጃቸው ከውሰር ደወለች። እማዬ እያለቀሰች ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።
"በኢሕራማቸው ከፈናችኋቸው አይደል የኔ ልጅ? በዘምዘም ያጠቡትን?"
"የለም አክስቴ፣ በአቡጀዲ ነው።"
"ምነው! ምነው ከውሰር!"
"ኢሕራሙንማ ለሱፍያን ሰጥቼዋለሁ ብለውናል። ከመካ እንደገቡ ጠይቀናቸው ነበር። 'ሐላል አድርጌለታለሁ፣ ማንም እንዳይጠይቀው' አሉን። በመጨረሻም ያንኑ ደገሙት።"

ስልኩ ተዘጋ። እማዬ ዓይኗን በሻርፗ ጠርጋ አየችኝ። እንዲያ ኮርታብኝ አታውቅም። "ከልጆቻቸው አንተን መረጡ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ ያዝከው?" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "እስቲ አምጣው። የወንድሜን ሽታ ላሽተው።"

ተነስቼ ክፍሌ ገባሁ። ያ ፌስታል ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ነጭ፣ ንጹህ፣ እንደታጠፈ። ባመጣላት በምን ታውቃለች? አቅፋው ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። እሳቸውም ሐላል ብለውኛል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ሸፍነውኝ ነው የሄዱት። በአቡጀዲ ተቀብረው እኔን ሸፈኑኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የቁም ሣጥኑን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ሳልከፍተው ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እማዬ እጇን እንደዘረጋች ነበር። ያዝኩት።
"እማዬ፣ እዚህ ቁጭ በይ" አልኳት።