ልጆችን በቤታቸው ደጃፍ ይጠይቁ የነበሩት የወይዘሮ ሙሀባ ሳልህ ኅልፈት

የሮቢት የሕፃናት ጥናት ማኅበር ባልደረባ ወይዘሮ ሙሀባ ሳልህ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት በትውልድ ቀዬአቸው በማጀቴ ተፈጽሟል። ማኅበራችን በእትዬ ሙሀባ ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለይፋት ሕዝብ ይገልጻል።

ወይዘሮ ሙሀባ በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቀበሌዎች በአንደኛ ደረጃ መምህርትነት ለ29 ዓመታት አገልግለዋል። በ2003 ዓ.ም. ማኅበራችንን በቃለ መጠይቅ አድራጊነት ተቀላቀሉ። ያኔ ማኅበሩ ከአንዲት ክፍል፣ ከሁለት አግዳሚ ወንበርና ከማይሠራ ማራገቢያ በቀር ንብረት አልነበረውም። በግንቦት ሐሩር በሩን ከፍተን ስንሠራ ሳቃቸው እስከ ባጃጅ ተራው ይሰማ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሯችን ላይ አለ።

በ2004 ዓ.ም. ማኅበሩ ስድሳ የአንደኛ ክፍል ልጆች ስለ መጠን ያላቸውን ግንዛቤ አጠና። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይጠራሉ፤ እኩል ማሾ የተሞሉ ሁለት ጣሳዎች ይቀርቡላቸዋል። ከዚያ የአንደኛው ማሾ ወደ ረጅም ጠባብ ብርጭቆ ይገለበጣል። ከመገልበጡ በፊትም በኋላም "እኩል ነው ወይስ አንዱ ይበዛል?" ተብለው ይጠየቃሉ። አርባ ሰባቱ በሁለተኛው ጥያቄ መልሳቸውን ቀየሩ። ረቂቅ ሪፖርቱም ልጆቹ ለክፍሉ አልደረሱምና አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሱ የሚል ምክር ያዘ።

ወይዘሮ ሙሀባ ይህን አልተቀበሉም። ከልጆቹ አንዷ፣ የሰባት ዓመቷ ሲሃም፣ ማሾ ከምትሸጥ እናቷ ጋር ገበያ ትውል ነበር። እትዬ ሙሀባ እዚያው ሄደው ከጎኗ ተቀመጡ። እናትየዋ ከጣሳ ወደ ከረጢት ስትገለብጥ "ሲሃምዬ፣ አሁን ማሾው በዛ?" አሏት።

"ማን ጨመረበትና ይበዛል?" ብላ ሳቀች።

"ታዲያ ያን ቀን በዛ ያልሽን ለምንድን ነው?"

"ሁለቴ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያው ስህተት መሰለኝ። ቲቸር መልሳ የምትጠይቀን ስንሳሳት ነው።"

ይህን ይዘው ቢሮ ሲመጡ የጥናቱ አስተባባሪ ወይዘሮ ሰብለ "ቅጹ አንዴ ተሞልቷል፤ ይፈርሙ" አሏቸው። እሳቸውም "ወላሂ አልፈርምም! ልጆቹ ያውቁታል፤ መጠየቅ ያላወቅንበት እኛ ነን" ሲሉ መለሱ። ማኅበሩ ውላቸውን ሳያድስ ቀረ። ይህን የምንጽፈው በሀፍረት ነው።

ሥራ ባልነበራቸው ስምንት ወራት ስድሳውንም ልጆች በየቤታቸው እየዞሩ፣ አንዳንዴ በባጃጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግራቸው፣ በልጆቹ ጨዋታና ሥራ መሀል ጠየቋቸው። ሃምሳ አራቱ በትክክል መለሱ። ደብተራቸውን ለወይዘሮ ሰብለ ሲያስረክቡ ወይዘሮ ሰብለ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበው "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ" አሉ። ሪፖርቱ ለትምህርት ቢሮ ሳይላክ ተሰረዘ። አንድም ልጅ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

በ2005 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመልሰው ዛሬ ሁላችንም የምንሠራበትን የአሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ አዘጋጁ። ልጅ በሚጫወትበት ቋንቋ ይጠየቅ፣ ኦሮምኛ ከሆነም በኦሮምኛ፤ "አላውቅም" ማለት እንደሚቻል አስቀድሞ ይነገረው፤ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ከመልሱ ጋር ይመዝገብ ይላል።

በ2014 ዓ.ም. ተፈናቅለው በትምህርት ቤት የተጠለሉ ልጆች እርዳታ በሚያድሉ ሰዎች ፊት ሲጠየቁ "ምንም አልፈራም" ይሉ ነበር። ወይዘሮ ሙሀባ ጥያቄውን አስቁመው ምግብ ከሚያበስሉ እናቶች ጋር ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። አንዲት ልጅ ሦስት ቀን ዝም ብላ አብራቸው ላጠች። በአራተኛው ቀን ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስትጨርስም "አይጻፉት" አለች። አልጻፉትም። ምን እንዳለች እኛም እስከ ዛሬ አናውቅም።

እስከ ኅዳር ወር ድረስ ከጣርማ በር በታች ባሉ መንደሮች ሰላሳ ልጆችን ሲያነጋግሩ ነበር። አሥራ ዘጠኙ ቀርተዋል። ልጆቹ ለመናገር የተስማሙት ለእሳቸው በመሆኑ ማኅበሩ ሌላ ጠያቂ አይልክም፤ ጥናቱ እሳቸው ባቆሙበት ይቆማል።

ለባለቤታቸው ለአቶ አብዱረሂም፣ ለልጃቸው ለሒክማ፣ ለቤተሰባቸው በሙሉና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ጽናቱን እንመኛለን። አላህ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው።

ይህ መግለጫ የተጻፈው ለአዋቂዎች ነው። ከጣርማ በር በታች እትዬ ሙሀባ መቼ እንደሚመጡ ለሚጠብቁት ልጆች የቤታቸው ሰው ባለበት፣ እኛው ራሳችን ሄደን እንነግራቸዋለን።

የሮቢት የሕፃናት ጥናት ማኅበር
ሸዋ ሮቢት